ጉፒ ገዳይ

አያቴ ጎሽ ገዳይ ነበሩ ይባላል። ማን እንዳየ አላውቅም። ብቻ ሠርግ ላይ ሽለላው ሲሞቅ ብድግ የሚል ዘመድ ሁሉ የእሳቸውን ስም ጠርቶ ነው የሚፎክረው። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ጉፒ ገዳይ ሆኗል። ጉፒ ማለት ወንዱ ከጣት አንጓ ብዙም የማይበልጥ፣ ጅራቱ በቀለም ያሸበረቀ የጌጥ ዓሣ ነው። ጥይት አላባከንኩም፣ ጦር አልሰበቅኩም፤ በውሃ ነው የፈጀኋቸው። ዓሣን በውሃ መግደል ዝም ብሎ የሚሳካ ነገር እንዳይመስላችሁ። ኩራት ይጠይቃል፣ ስንፍና ይጠይቃል፣ ንፉግነትም ይጠይቃል። ሦስቱንም አሟልቼ ነው የተገኘሁት።

ጉዳዩን ለንስሐ አባቴ ለማቅረብ አፈርኩ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው በደል ሲሰሙ የኖሩ ሽማግሌ «ልጄ፣ ዓሣውን በልተኸው ነው?» ቢሉኝ «ኧረ አይደለም አባ፣ እንዲሁ ነው የገደልኩት» ልል ነው። ስለዚህ ኑዛዜው ለአንባቢ ይሁን። ከቀላሉ ልጀምር፣ ከውሸቱ።

ዓሣ ልገዛ ነው ስል ባለቤቴ ምክንያቱን ጠየቀችኝ። የመተማ ልጅ ናትና ወባን በደንብ ታውቃታለች፤ እኔም በዚያው በኩል መጣሁባት። ጉፒ የትንኝ እጭ ትበላለች አልኳት። ይህ እውነት ነው። ጉፒ ከትውልድ አገሯ ከደቡብ አሜሪካና ከትሪኒዳድ ወጥታ በየሞቃቱ አገር ኩሬና ቦይ የተለቀቀችው በዚሁ ተስፋ ነው። አሰብ ወደብ ላይም አፋኒየስ ዲስፓር የሚባል የዚያው አካባቢ ዓሣ በውሃ ማጠራቀሚያዎች ተለቆ የትንኝ እጭን ለመቆጣጠር የተደረገ ሙከራ ውጤት በ1992 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ደረደርኩላት። አዳምጣኝ ስታበቃ «ናይሮቢ እኮ ደጋ ናት» አለችኝ፤ «ወባዋ ሦስተኛ ፎቅ በሊፍት ነው የምትወጣው?» እውነቱ ሌላ ነበር። ኪሌሌሽዋ ሰፈር የሚኖር አንድ ወዳጃችን ሳሎኑ ውስጥ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለው፤ እንግዳው ሁሉ ቡናውን የሚጠጣው እሱን እያየ ነው። የእኔ ሳሎን ያለው የግድግዳ ሰዓት ነው። ቀናሁ።

ጉፒን የመረጥኩት አትሞትም ስለተባለ ነው። ስለ ጌጥ ዓሣ የሚያወራ ሁሉ ጀማሪን የሚልከው ወደ እሷ ነው። እንቁላል አትጥልም፤ ከተወለደ ጀምሮ የሚዋኝ ልጅ ነው የምትወልደው፣ ያውም በወር አንዴ ገደማ። ከወንዱ ያገኘችውን ዘር ለወራት በሆዷ አቆይታ፣ ወንዱ ከሌለም በኋላ መውለዷን ትቀጥላለች። «ሚሊዮን ዓሣ» የሚሏትም ለዚህ ነው። ስሟ የመጣው ናሙናዋን ከትሪኒዳድ ወደ ለንደን ከላከው ከሮበርት ጆን ሌችመር ጉፒ ሲሆን፣ የብሪቲሽ ሙዚየሙ አልበርት ጉንተር በ1866 እ.ኤ.አ. በሰውየው ስም ሰየማት። ኋላ ሲጣራ ጀርመናዊው ቪልሄልም ፔተርስ ያችኑ ዓሣ ከቬኔዝዌላ አግኝቶ በ1859 መዝግቧት ኖሯል። የሳይንሱ ስም ለፔተርስ ጸደቀለት፤ ሕዝቡ ግን ጉፒ ማለቱን አልተወም። እንግዲህ ይህችን ነው ያጠፋኋት፤ መራባት ሥራዋ የሆነችውን።

የሸጠልኝ ወጣት ዓሦቹን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ እያስገባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ቦስ፣ ማጂ ያኮ ኒ ያ ካንጆ አማ ያ ቦርሆል?» ውሃህ የከተማው ነው ወይስ የጥልቅ ጉድጓድ ማለቱ ነው። ስዋሂሊዬ ጥያቄውን ለመረዳት ይበቃል። መልሱን ነበር የማላውቀው። አላውቅም ማለት ደግሞ በእኛ ቤት አልተለመደም፤ እኔ መንገድ ብትጠይቁኝ የሰፈሩን ስም ሰምቼው ባላውቅ እንኳ «ቀጥ ብላችሁ ሂዱ» የምል ሰው ነኝ። «ንጹሕ ነው» አልኩት፣ ኮስተር ብዬ። ልጁ ሌላ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ እኔ ግን ሒሳቤን ከፍዬ ወጥቻለሁ።

በዚህ ከተማ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ቧንቧው አንድ ቢሆንም ውሃው ብዙ ዓይነት ነው። የከተማው ውሃ አብዛኛው ከአበርዴር ተራሮች ይመጣል። በ1994 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የንዳካይኒ ግድብ 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ውሃው ንጌቱ ላይ ተጣርቶ ክሎሪን ከተጨመረበት በኋላ ወደ ናይሮቢ ይወርዳል። ሳሱሙዋና ሩይሩ የሚባሉት የቆዩ ግድቦች፣ የኪኩዩ ምንጮችም ያግዙታል። ከደን ተራራ የወረደ የዝናብ ውሃ ነውና ካልሲየምና ማግኒዥየም ብዙ የለበትም፤ ሳሙና ቶሎ የሚያረፋ ለስላሳ ውሃ ነው። ከተማዋ ግን ከቧንቧዋ በላይ አድጋለች፤ ውሃ በየሰፈሩ በፈረቃ ነው የሚለቀቀው። ፈረቃው ሲያልፈን አከራያችን ቦቴ ያስጠራል። ቦቴው የሚያመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ አለት ሥር የሚወጣ፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ፒኤቹ ከፍ ያለ። ፍሎራይዱም በብዙ ጉድጓድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር ያልፋል። ይህ ሁሉ ከሕንፃው ሥር ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ይደባለቅና በፓምፕ ጣሪያ ላይ ወዳሉት ጥቁር ሮቶዎች ይወጣል። ዛሬ ከቧንቧዬ የሚወርደው የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት የሕንፃው ጠባቂ ናቸው፤ ሁላችንም «ምዜ» የምንላቸው ሽማግሌ። እሳቸውን መጠየቅ አልታሰበኝም። ዲግሪ አለኝ።

የመጀመሪያው ፍጅት የከተማው ውሃ የመጣ ዕለት ሆነ። ቧንቧው አየር እየተፋ ቆይቶ ሽታው ኮሪደር ድረስ የሚሰማ ውሃ ለቀቀ። ደስ አለኝ። ለእኔ የክሎሪን ሽታ የጤና ሽታ ነው፤ «ውሃ አጋር» የሚባለው የክሎሪን መድኃኒት ጠብ ካልተደረገበት ውሃ የማይጠጣበት ቤት ነው ያደግሁት። ገንዳውን እስከ አፉ ሞላሁትና ዓሦቹን ገለበጥኳቸው። ጥቂት ቆይተው ሁሉም ወደ ላይ መጡና አፋቸውን ከፈት ከደን ያደርጉ ጀመር። «ነይ እዪ! ለመዱኝ፣ ሰላም እያሉኝ ነው!» ብዬ ባለቤቴን ጠራኋት። እሷም መጥታ እጇን አውለበለበችላቸው። እየታፈኑ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ውሃን እንጠጣለን፣ ዓሣ ግን ይተነፍሰዋል። ደሙን ከውሃው የሚለየው ከጭንቅላቱ ጎን ባለው መተንፈሻው ላይ ያለ በጣም ስስ ሽፋን ነው፤ ክሎሪን የሚያቃጥለው እሱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቧንቧ መጨረሻ ላይ እንኳ ከ0.2 ሚሊግራም በሊትር ያላነሰ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራል፤ ለሰው ደግ ምክር ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በበኩሉ ለጨው አልባ ውሃ ፍጥረታት ለአንዲት ሰዓት እንኳ ከ0.019 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይላል። ለእኔ ትንሹ የተባለው መጠን ለእነሱ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ሽታው ያስደሰተኝ ውሃ ስንት ክሎሪን እንደነበረበት አልለካሁም፤ መለኪያው ገንዘብ ያስወጣል።

መፍትሔው የሚያሳፍር ነው፦ ባልዲ። የቧንቧ ውሃ በሰፊ ባልዲ ተከፍቶ አንድ ቀንና ሌሊት ከቆየ ክሎሪኑ ራሱ ተንኖ ይሄዳል፤ የአየር ፓምፕ ከተጨመረበትማ በሰዓታት ያልቃል። ክሎራሚን የሚጠቀሙ ከተሞች ላይ ይህ አይሠራም፤ እሱ ቁጭ ብሎ አይተንምና ሶዲየም ቲዮሰልፌት ያለበት ጠብታ ግድ ነው። ይህን ሁሉ አነበብኩ፤ በሥራ ላይ ሳውለው ግን አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ባልዲውን በክዳን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። ክሎሪኑም እንደ እኔው ቤቱን ወዶ ተቀመጠ።

ክዳኑን ካነሣሁ በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። «ሀኩና ማጂ»፣ ውሃ የለም፣ በተባለ ሳምንት ቤታችን ውስጥ የቀረው ብቸኛ ውሃ የዓሦቹ ባልዲ ነበር። ጠዋት ስብሰባ ነበረብኝ። መቼም ግልጹን ልናገር፤ በዓሦቹ ውሃ ታጠብኩ። ማታ ቧንቧው ሲመጣ ባልዲውን መልሼ ሞላሁት፣ ማንም ሳያየኝ ከቧንቧው በቀጥታ። በማግሥቱ ጠዋት ባለቤቴ «ውሃው ሙሉውን ጊዜ አድሯል አይደል?» ስትለኝ «አድሯል» አልኳት። የትናንቱ ውሃ አድሯል፤ እኔ ላይ። በዚያ ቀን የሞቱትን ቀበርኳቸው ልበል? በሽንት ቤት ነው የሸኘኋቸው፣ ያውም በጀሪካን ተቀድቶ በቀረ ውሃ።

የቲዮሰልፌቱን ጠብታ ያልገዛሁት ውድ ስለሆነ አይደለም። እኔ ርካሽ ስለሆንኩ ነው። ቫይታሚን ሲ ክሎሪንን እንደሚያከሽፍ ካነበብኩ ወዲያ ወጥ ቤት ያለው አይበቃም ወይ አልኩ። እውነትም አስኮርቢክ አሲድ ያከሽፈዋል። ወጥ ቤታችን የነበረው ግን ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላው፣ የብርቱካን ጣዕም ያለው፣ ስኳርና ሲትሪክ አሲድ የተጨመረበት ክኒን ነበር። ባልዲው ብርቱካናማ ሆኖ ሲንሾካሾክ ባለቤቴ ደረሰችብኝ። ምንም አልተናገረችም። ባልዲውን ከእጄ ወስዳ ደፋችው። ዓሦቹ በሕይወት ዘመናቸው ካገኙት ዕድል ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን የጽዳቱ ጉዳይ ነው። እንቁጣጣሽ ደረሰ፤ ኪሌሌሽዋ ያለው ወዳጃችን ከነቤተሰቡ ሊመጣ ነው። ገንዳዬ እንዲያበራ ፈለግሁ። ጠጠሩን አውጥቼ አጠብኩ፣ መስተዋቱን ፈተግሁ፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ ከቧንቧ ሥር ይዤ ነጭ እስኪሆን ጨመቅሁ፣ ውሃውንም ሙሉ በሙሉ ለወጥኩ። በዚህ ጊዜ ውሃው ባግባቡ ያደረ ነበር፤ በዚህ እኮራለሁ። እንግዶቹ ሲደርሱ ገንዳው እንደ መስከረም ሰማይ ጠርቶ ነበር፤ ከዓሦቹ ግን ግማሾቹ ተገልብጠው ነበር። ወዳጃችን በትሕትና «ይተኛሉ እንዴ እነዚህ?» አለኝ። «ቀን ቀን ይተኛሉ» አልኩት።

ያጠፋሁት ዓሣውን አልነበረም፣ በዓይን የማይታየውን ነገር ነው። ዓሣ ከመተንፈሻው አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ያንን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋልና ሌሎች ባክቴሪያዎች ተቀብለው ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ናይትሬት ያደርጉታል፤ እሱን በየሳምንቱ ውሃ በመለወጥ ማስወገድ ይቻላል። ይህ ሠራዊት አዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪሰፍር ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኔ በአንድ ጠዋት ክሎሪን አጠጥቼ ጨረስኩት። ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት ሳይንሱን ሁሉ ዘልላ «ውይ ልጄ፣ እርሾውን ደፋኸዋ!» አለችኝ። ቡሃቃውን ሙልጭ አድርጎ ያጠበ ሰው በማግሥቱ እንጀራው ዓይን አላወጣም ብሎ ጤፉን ይሰድባል፤ እኔም ያ ሰው ነኝ።

አሁን ወደ ቦቴው ልመለስ። ባክቴሪያዎቹ ገና ሳያገግሙ ፈረቃው አለፈንና ቦቴ መጣ። የውሃው ምንጭ መለወጡን ልብ አላልኩም፤ ለእኔ ውሃ ውሃ ነው። ባልዲዬን ሞልቼ አሳደርኩ፣ ጠዋት ከገንዳው ከግማሽ በላይ ለወጥኩ። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው። ፒኤቹ ዝቅ ሲል አብዛኛው እምብዛም የማይጎዳው አሞኒየም ሆኖ ይቀመጣል፤ ፒኤቹ በአንድ በጨመረ ቁጥር መርዘኛው ድርሻ አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። በለስላሳው የከተማ ውሃ ውስጥ አድፍጦ የነበረውን አሞኒያ የጉድጓዱ ውሃ ቀሰቀሰው ማለት ነው። ጉፒ በተፈጥሮዋ ፒኤቹ ከ7 እስከ 8 የሆነ፣ ካልሲየም ያለበት ውሃ ትወዳለች፤ የጉድጓዱ ውሃ ቀስ ብሎ ቢመጣባት ትለምደው ይሆናል። በአንድ ሌሊት ከአበርዴር አንሥቶ ወደ አለት ሥር የሚጥላትን ሰው ግን አትችለውም።

በንዴት ወደ ሱቁ ሄድኩ። ገበያተኛ ባለበት «የታመመ ዓሣ ነው የሸጥክልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ልጁ አልተቆጣም። እንደገና ያችኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ የካንጆ ነው ወይስ የቦርሆል? እኔም እንደገና «ንጹሕ ነው!» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና ጥንድ ጉፒ በነጻ አስገብቶ ሰጠኝ። ተቀበልኩ። ተሸክሜ በራችን ጋ ስደርስ ምዜ ዕቃውን አዩት፤ ሳልጠይቃቸው «ማጂ ያ ሊዮ ኒ ያ ቦርሆል» አሉኝ። የዛሬው የጉድጓድ ነው፣ የካንጆው ሐሙስ ይመጣል፣ አትለውጥባቸው፤ ይህን ሁሉ የአትክልት ውሃ ማጠጫውን ሳያስቀምጡ ነገሩኝ። የውሃውን ምንጭና የዓሦቹን ሞት ያኔ ነው ያገናኘሁት። ምን ብዬ መለስኩላቸው መሰላችሁ? «ናጁዋ» አልኳቸው። አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ጥቂት ነው፤ ግን ይሠራል። ባልዲው ያለ ክዳን፣ የአየር ፓምፕ ተጨምሮበት ያድራል። በሳምንት ከገንዳው ሩቡን ብቻ እለውጣለሁ፤ ሙሉውን መለወጥ ለጥጋበኛ ነው። ስፖንጁን የማጥበው ከገንዳው በወጣው ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ ነው። ውሃው የከተማው ሲሆን ለስላሳነቱን ለማካካስ ማጣሪያው ውስጥ ትንሽ የኖራ ድንጋይ አለ። የናይሮቢን ሐምሌ አትናቁት፤ ሰገነት ላይ ያደረ ባልዲ ጠዋት ጥርስ ያፋጫል፣ ጉፒ ደግሞ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ነው የሚስማማት። ባልዲውን ወደ ሳሎን ያስገባሁት እንግዳ ከተደናቀፈበት በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። ምዜን አሁንም አልጠይቃቸውም፤ በራቸው ላይ ቆም ብዬ ስለ አየሩ አወራለሁ፣ እሳቸውም ገብቷቸው ስለ ውሃው ይነግሩኛል።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ይህን የምታነቡም ነገሩ እንደማይመለከታችሁ አታስቡ። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው ውሃ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በፈረቃ የምትኖሩ ከሆነ ቧንቧችሁ ሁለቱንም አሳይቷችሁ ይሆናል።

የተረፉት ጉፒዎች ሥራቸውን ጀምረዋል። ገንዳው ሞልቷል፤ ባለቤቴ «ይኸው ሚሊዮኑ» ትላለች። ወንዝ ውስጥ አልለቃቸውም፤ ጉፒ ባልተፈጠረችበት ውሃ ስትገባ ለአገሬው ዓሣ ጠንቅ ትሆናለች። ስለዚህ ኪሊማኒና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች የምትፈልጉ ካላችሁ መጥታችሁ ውሰዱ፣ ዋጋ አልጠይቅም። ለዚያ ሱቅ ልጅ በነጻ የሰጠኝን መመለስ ይገባኝ ነበር፤ እስካሁን አልሄድኩም፣ በዚያ በኩል ሳልፍም መንገዱን ተሻግሬ ነው። ይህን ኑዛዜ በአማርኛ የጻፍኩት እሱ አማርኛ ስለማያነብ ነው። የምታውቁት ካላችሁ እባካችሁ አትተርጉሙለት።